ናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም

ጎጃም ውስጥ ኤክስቴንሽን ዕረፍት የለውም። ደብረ ማርቆስም ሆነ ዳንግላ፣ አንድ ሶኬት ባለው ክፍል ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም የስልክ ቻርጀሩም የሚሰኩት እሱ ላይ ነው። ጥር ሲገባ ደግሞ በግቢው ሳር ላይ ተጎትቶ እስከ ሠርጉ ዳስ ይዘልቃል። እንግዳ ይረግጠዋል፣ በር ይጨፈልቀዋል፣ አይጥ ይቀረጥፈዋል። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የምናደርግለት ጥገና ነው።

«ናስትሮ ከጠቀለልኩበት አለቀ»

ይህን የማይል ሰው ጥቂት ነው። ናስትሮ የሚሸፍነው ላዩን ብቻ ነው። ሽቦው ሲግል ሙጫው ይለቃል፤ እርጥበትም ይገባል። ዋናው ጉዳት ደግሞ ከላስቲኩ ሥር ነው። ኤክስቴንሽኑን ከሶኬት ንቀሉና በር የጨፈለቀውን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱት። ከሌላው ክፍል ይልቅ ልል ብሎ በቀላሉ የሚታጠፍ ከሆነ፣ ውስጡ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች የተበጠሱ አሉ ማለት ነው። ኮረንቲው በቀሩት ጥቂት ክሮች ሲያልፍ ያ ቦታ ይግላል። እሳት የሚነሳውም ከዚያ ነው።

መፍትሔው መቁረጥ ነው። ጉዳቱ ስፒናው አጠገብ ከሆነ የተጎዳውን ቆርጣችሁ ጣሉና በካቻቢቴ የሚፈታ አዲስ ስፒና ግጠሙ። ዐሥር ሜትር የነበረው ዘጠኝ ቢሆን ምንም አይደል። መሀል ላይ ከሆነ ግን ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ መቀጠል አይሆንም። ወይ እስከ ጉዳቱ አሳጥሩት፣ ወይ ሙሉውን ሽቦ ቀይሩት።

ስፒናው ሲገጠም ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንዲት የመዳብ ክር እንኳ ከቡሎኑ ውጪ እንዳትቀር። የስፒናው መቆንጠጫ የውጭውን ወፍራም ላስቲክ ይያዝ፤ የውስጦቹን ሽቦዎች ብቻ ከያዘ በመጀመሪያው ጉተታ ይነቀላሉ። አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ደግሞ ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝሙት፤ ድንገት ቢጎተት መጨረሻ ላይ የሚለቀው እሱ ይሁን።

«አረንጓዴና ቢጫው ትርፍ ነው፣ ያለ እሱም ይሠራል»

መሥራቱን ይሠራል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ቡናማው ኮረንቲ ያመጣል፣ ሰማያዊው ይመልሳል፤ አረንጓዴና ቢጫው ለሰው ሕይወት የተቀመጠ ነው። የፍሪጁ ብረት ኮረንቲ ቢነካው ወደ መሬት የሚያወርደው እሱ ነው። እሱ ከተቆረጠ፣ በእርጥብ እጇ የፍሪጁን በር የምትከፍተው እናታችሁ በቦታው ትተካለች። ባለ ሦስት ሽቦውን በባለ ሁለት አትቀይሩ።

«መብራት ሄዷል፣ አሁን ልሥራው»

መብራት መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? እጃችሁ ሽቦው ላይ እያለ ይመጣል። «ማጥፊያውን አጥፍቼዋለሁ» ማለትም አያድንም። የብዙ ኤክስቴንሽን ማጥፊያ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። የእኛ ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይሰካል። ሲገለበጥ የማጥፊያው ትንሽ መብራት ጠፍታ እያየናት ውስጡ ኮረንቲ ሊኖር ይችላል። ስፒናው ተነቅሎ፣ ከምትሠሩበት ጎን ዓይናችሁ ሥር ይቀመጥ።

«ኮንጎ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ብሬከርም አለ»

ኮረንቲ ከአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው እጅ ከወጣ ጫማ ምን ያደርጋል? በልብ በኩል ነው የሚያልፈው። ባለ 16 አምፔር ብሬከርም የሚጠብቀው መስመሩን ነው። ሰው ለመግደል 0.1 አምፔር እንኳ ይበቃል፤ ብሬከሩ ይህን አያየውም።

«ጠግኜዋለሁ፣ አሁን ምጣዱንም ይችላል»

ሒሳቡን እንሥራ። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ገበያ ላይ የምናገኘው ብዙው ኤክስቴንሽን 10 አምፔር የሚል ነው። እንጀራው እስኪያልቅ ሽቦው ሲግል ይቆያል፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ለምጣድ የራሱ ወፍራም መስመር ከቆጣሪው ይዘርጋለት፤ ይህን ሥራ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት።

የሶኬቱ ቀዳዳ የጠቆረ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ወይም ስፒና የሚላላበት ኤክስቴንሽን አይጠገንም፤ ይጣላል። ስትጥሉት ስፒናውን ከሥሩ ቆርጣችሁ ለዩት። ሕፃናት ከቆሻሻ ያነሡትን ሁሉ ይሰካሉ።