የመረጃ ሥርዓት፣ ክፍሎቹና ዓይነቶቹ፦ ከአዳማ ምሳሌዎች ጋር

የመረጃ ሥርዓት የሚባለው ለአንድ ሥራ የሚያስፈልግ መረጃ የሚሰበሰብበት፣ የሚቀመጥበት፣ የሚቀናበርበትና ለሚፈልገው ሰው የሚደርስበት የተደራጀ አሠራር ነው። ኮምፒውተር የግድ አይደለም። የእቁብ ጸሐፊ ደብተሩን ከፍቶ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረና ዕጣው ለማን እንደወጣ ሲመዘግብ የመረጃ ሥርዓት እያንቀሳቀሰ ነው፤ ዳኛውም ክርክር ሲነሳ የሚፈርደው ያንኑ ደብተር አስገልጦ ነው። የትምህርት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተር የሚሠራውን ብቻ ይተነትናሉ። ይህ ዳሰሳ ወረቀቱንም ይጨምራል፤ በአዳማ ሁለቱ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉና።

አማርኛው አንድ እንቅፋት አለው። ጥሬው ቁጥርም፣ ከቁጥሩ ተጣርቶ የወጣው ቁም ነገርም «መረጃ» ይባላሉ። ለጥሬው «ውሂብ» የሚል ቃል ቢቀርብም ከመማሪያ ክፍል ውጭ እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ እዚህ «ዳታ» ተብሏል። በሱቅ ደረሰኝ ላይ «ስኳር፣ 2 ኪሎ» የሚለው መስመር ዳታ ነው። በዓል ሲቃረብ የስኳር ሽያጭ ምን ያህል እንደሚጨምር ከደረሰኞቹ ተደምሮ ሲታወቅ መረጃ ይሆናል።

ክፍሎቹ

በብዛት የሚቆጠሩት አምስት ናቸው፦ ሃርድዌር፣ ሶፍትዌር፣ ዳታ፣ የአሠራር ደንብ እና ሰው። አንዳንዶች ኔትወርክን ስድስተኛ ያደርጉታል፤ ሌሎች ከሃርድዌር ጋር ይደምሩታል። ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ባንክ ቤት የተሰለፈ ሰው ግን ከስድስቱ ወገን መሆኑ አይቀርም።

አምስቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ለማየት ከአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ለትራፊክ የተከፈተ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ነው፤ መድረሻውም የእኛው ከተማ ነው። ሾፌሩ ቱሉ ዲምቱ መግቢያ ላይ በመስኮቱ እጁን ዘርግቶ ካርድ ይቀበላል። ካርዱ በየትኛው በር እንደገባ ይዟል። አዳማ ሲደርስ ካርዱን ይመልሳል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ በማንበቢያው ላይ ታደርገዋለች፣ ሒሳቡ ይወጣል፣ ይከፍላል፣ ዘንጉ ይነሳል። ሒሳቡ በተሽከርካሪው ዓይነትና በተጓዘው ርቀት ስለሚሰላ ቢሾፍቱ ወይም ሞጆ ላይ የወጣ ያነሰ ይከፍላል። ማንበቢያውና ዘንጉ ሃርድዌር ናቸው፤ ርቀቱን ከታሪፉ ጋር የሚያባዛው ሶፍትዌር፤ የመግቢያው በርና የመኪናው ዓይነት ዳታ። ካርዱ ቢጠፋስ? ይህን የሚመልሰው ማሽኑ ሳይሆን ደንቡ ነው። ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋ ደንቡን በትዕግሥት የምታስረዳው ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት።

ስምና ፊደል

ከክፍሎቹ ሁሉ እጅግ የሚያስቸግረው ዳታ ነው፤ ከዳታም ስም። በከተማው በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የካርድ ቁጥሩ ለጠፋበት ታካሚ የሚፈለገው በስም ነው። ጸሐፊዋ «ፀሐይ» የሚለውን መዝገብ ስታገላብጥ አጥታው፣ ቆይታ በ«ጸሀይ» ሥር ስታገኘው አይቻለሁ። ካርዱን ያወጣው ሰው የጻፈው እንደመጣለት ነበር። ጸ እና ፀ፣ እንዲሁም ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ይህ ስም ብቻውን ቢያንስ በስድስት መንገድ ይጻፋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሰንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በዚህም ምክንያት ለኮምፒውተሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ፕሮግራም ሠሪው ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ የሚመልስ መፈለጊያ ካላዘጋጀ አንዲት ታካሚ ሁለት ካርድ ይኖራታል።

በአዳማ ጉዳዩ ሌላም ፈርጅ አለው። ስም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ እና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በቁቤ የጠ ድምፅ በኤክስ ፊደል ይወከላል፤ በእንግሊዝኛ ግን በቲ ይጻፋል። ስለዚህ ጥላሁን የተባለ ሰው በአንዱ ሰነድ በኤክስ፣ በሌላው በቲ ይጀምራል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በዚህ ላይ ከውጭ የመጡ ፎርሞች «የቤተሰብ ስም» ብለው ይጠይቃሉ፤ እኛ ዘንድ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው። ወንድማማቾችን በ«ቤተሰብ ስም» የሚሰበስብ ፕሮግራም እዚህ አባትንና ልጅን እንኳ አያገናኝም።

ዓይነቶቹ

የመረጃ ሥርዓቶች የሚከፋፈሉት በሚያገለግሉት ሰው ደረጃ ነው። ከታች የዕለት ግብይት መዝጋቢ ሥርዓት አለ። በየሱቁና በየሆቴሉ ያለው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የዚህ ወገን ነው፤ እያንዳንዱን ሽያጭ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለይቶ ይመዘግባል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሚወጣው «ዜድ ሪፖርት» የቀኑን ድምር በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ያሳያል። የስብሰባ እንግዳ የማይጠፋባቸው የአዳማ ሆቴሎች ይህችን ቁራጭ በጥንቃቄ ያስቀምጧታል፤ የግብር መርማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ናትና።

ይህ ዓይነቱ ሥርዓት በዓለም በኮምፒውተር መሠራት የጀመረው፣ ደስ በሚል አጋጣሚ፣ በሻይ ቤት ነው። የእንግሊዙ የሻይ ቤቶች ባለቤት ላየንስ ሊዮ የተባለውን ኮምፒውተር ራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 የዳቦ መጋገሪያውን ሒሳብ አሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካን ኤርላይንስና አይቢኤም ሴበር የተባለውን የበረራ ቦታ ማስያዣ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋሉ።

ሁለተኛው የሥራ አመራር የመረጃ ሥርዓት ነው፤ የታችኛውን ምዝገባ ጨምቆ ለኃላፊዎች በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባል። በጤናው ዘርፍ ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በወረዳ በኩል እስከ ሚኒስቴሩ የሚደርሰው ሪፖርት የዚህ ዓይነት ነው። ዛሬ የሚሠራበት ሶፍትዌር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማው ዲኤችአይኤስ 2 ሲሆን የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይቀበላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም የጳጉሜን ወሊድና ክትባት የት ያስገባዋል?

የውሳኔ ድጋፍ ሥርዓት «እንዲህ ቢደረግስ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ያሰላል። ባለሙያ ተኪ ሥርዓት የሐኪምን ወይም የመሐንዲስን ዕውቀት «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» በሚሉ ደንቦች መልክ ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው፣ ለባክቴሪያ በሽታዎች መድኃኒት የሚጠቁመው ማይሲን የታወቀው ምሳሌ ነው። ኢአርፒ የሚባለው የአንድን ድርጅት ሒሳብ፣ ግዢ፣ መጋዘንና የሰው ኃይል በአንድ ቋት ያስራል።

ብዙ ጽሑፎች የሚዘሉት የሂደት መቆጣጠሪያ ሥርዓት አለ። አዳማ ላይ ሊዘለል አይችልም፤ ከከተማው ቀና ሲሉ ይታያል። አንደኛው የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች፣ ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይኖች አሉት፤ ድምሩ 204 ሜጋ ዋት። በተርባይኖቹ ላይ ያሉ መለኪያዎች የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ያነባሉ፤ መቆጣጠሪያው ክንፎቹን ያዞራል፣ ነፋሱ ከልክ ሲያልፍም ያቆማቸዋል። እዚህ ውሳኔው በሰከንዶች ውስጥ የሚሰጥ በመሆኑ ሰው የሚቀርለት መከታተል ነው።

ትምህርቱና መለያ ቁጥሩ

ለዘርፉ ባለሙያ በማፍራት ረገድ ከተማዋ የምትመካበት የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የተቋሙ ስም ከከተማዋ ስም ጋር አብሮ በመለወጡ፣ በቀድሞ ተመራቂዎች የትምህርት ማስረጃ ላይ ያለውን ስም ከዛሬው ጋር ማዛመድም ራሱን የቻለ የዳታ ሥራ ሆኗል።

የስም አጻጻፍ ችግርን በቁጥር ለመፍታት የታሰበው ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘ ሲሆን የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ተወስዶ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ እንዲህ ያለውን መረጃ የሚይዙ ተቋማትን ግዴታ ይደነግጋል። ቁጥሩ ፀሐይን ከፊደል ምርጫ ያላቅቃታል። በካርድ ክፍሉ መስኮት ግን ባለፈው ሰሞን ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት «ስም እስከ አያት» ነበር።