ቆዳው ምላጭ አይስልም፤ ስለ ድሮው ምላጭ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አራት ኪሎ አንድ ፀጉር ቤት አለ፤ ወረፋ እየጠበቅኩ ወሬ የምቃርምበት። ባለፈው ከአባቴ የወረስኩትን የሚታጠፍ ምላጭ ይዤ ገባሁ። ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ስስ፣ አንገቱ ላይ «ሶሊንገን» የሚል የጀርመን ከተማ ስም የተቀረጸበት ነው። ገና ከኪሴ ሳወጣው ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሊቅ ሆነ። አልፈርድባቸውም። ግማሹን እኔም አምን ነበር፤ ዋጋም ከፍዬበታለሁ።

«ቆዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጉት ነው የሚሳለው።»

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። ድሮ ከፀጉር ቤት ወንበር አጠገብ የሚንጠለጠለውን የቆዳ ጠፍር ያየ ሰው ሌላ ምን ያስብ? ስለት የሚያወጣው ግን ድንጋይ ነው። ድንጋይ ብረት ይበላል፤ ሁለቱን ጎኖች እየበላ አንድ መስመር ላይ ያገናኛቸዋል። መሳያ ድንጋዮች እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል። ከ1,000 ይጀመራል፣ በ4,000 ወይም በ5,000 ይታለፋል፣ 8,000 ላይ ይጨረሳል። እስከ 12,000 የሚሄድም አለ።

ቆዳ ከብረቱ የሚበላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥራው ሌላ ነው፤ በመላጨት የተጣመመውን ስስ ጫፍ ያቃናል፣ የቀረ እድፍ ይጠርጋል። ስለዚህ የደነዘ ምላጭ መቶ ጊዜ ቆዳ ላይ ቢመላለስ፣ ንጹሕ የደነዘ ምላጭ ይሆናል። የተሳለው ግን ከየመላጨቱ በፊት ሃምሳ ስልሳ ጊዜ ቆዳ ካገኘ ድንጋይ ሳይነካ ወራት ይቆያል።

አቅጣጫውም አለ። ድንጋይ ላይ አፉ ይቀድማል፣ ቆዳ ላይ ጀርባው። ጫፍ ሲደርስ የሚገለበጠውም በጀርባው ነው። ይህን በደንብ የተማርኩት እጄ ምላጩን እያመላለሰ ስልኬ የጮኸ ቀን ነው። ዞር አልኩ፣ በአፉ ገለበጥኩት። ዛሬም ጠፍሩ ላይ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ አለ። ቆዳው ደግሞ መወጠር አለበት፤ ከላላ ጫፉን ያዶለዱመዋል። «የሱሪ ቀበቶም ይሆናል» የሚሉ አሉ። ቀለም የተቀባና ዳር ዳሩ የተሰፋ ቀበቶ ከሆነ ይቅር።

«ምን ያስጨንቅሃል? ቢላ ለሚስሉት ስጣቸው።»

ሰጥቼ አይቻለሁ። በዓል ሲደርስ መንኮራኩር ይዘው በየሰፈሩ ከሚዞሩት አንዱን ጠራሁ። ብልጭታው ሲበር እኔ ደስ ብሎኝ ቆሜ አያለሁ። ሲጨርስ አፉ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ነጠብጣብ አየሁ። ቆንጆ ቀለም ነበር። ለካ ብረቱ ተቃጥሏል። የዚህ ዓይነት ብረት ከ200 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ጥንካሬው መሄድ ይጀምራል፤ ሰማያዊ ሲሆን 300 አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ቢላ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይችለዋል። የምላጭ አፍ ግን ሙቀቱን የሚያካፍልበት ብረት የለውም።

በልጁ አልፈርድም፤ ያመጣሁበት ቢላ ያልሆነ ነገር ነው። ምላጭ ማዕዘኑን ይዞ ነው የሚሠራው። ጀርባውና አፉ እኩል ድንጋዩን ነክተው ሲተኙ ማዕዘኑ በራሱ ይመጣል፤ እጅ መገመት አይጠበቅበትም። መንኮራኩር ላይ ይሄ ሁሉ ይፈርሳል። ሰማያዊውን ክፍል በ1,000 ድንጋይ አሽቼ እስካጠፋው ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ምላጩም ጠበብ አለ።

«ጫን ካሉት ቶሎ ይሳላል» የሚለውንም በዚያው ሰሞን ተውኩት። ሲጫኑት ስሱ ብረት ይለመጥና ድንጋዩን የሚነካው ሌላ ቦታ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የምላጩ የራሱ ክብደት ይበቃል።

«ፀጉር ለስላሳ፣ ብረት ጠንካራ፤ ታዲያ በምን ይደንዛል?»

ይህን የጠየቀው ተማሪ የሚመስል ልጅ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከተገኘ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ተላጭተው የሚጣሉ ምላጮችን በማይክሮስኮፕ መርምረው ውጤቱን «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አወጡ። ፀጉር ከምላጩ 50 ጊዜ ያህል ለስላሳ ሆኖ ሳለ ጫፉን ይሸርፈዋል። ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ሲቆረጥ ምንም የለም። ጎንበስ ብሎ ጫፉን በጎን ሲገፋ፣ የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ወጥ ያልሆነበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፣ ይሸረፋል።

ከዚያ ወዲህ ለውሃው ሰነፍ መሆን ትቻለሁ። ፂም በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ለምላጩም ይቀለዋል። በሐምሌ ጠዋት የአዲስ አበባን የቧንቧ ውሃ ፊቱ ላይ ረጭቶ የሚላጭ ሰው ፊቱንም ምላጩንም ይበድላል።

ስለቱን ጥፍር ላይ መፈተን? ያደነዝዘዋል። የክንድ ፀጉር ይበቃል።

«ሽፍታ የሚያወጣው የደነዘ ምላጭ ነው።»

ግማሽ እውነት ነው። የደነዘ ይጎትታል፣ ቆዳ ያቆስላል። ግን የእኛ ዓይነት የተጠቀለለ ፂም በጣም በተሳለ ምላጭ፣ ያውም ከበቀለበት አቅጣጫ በተቃራኒ ከተላጨ፣ ጫፉ ሾሎ ከቆዳ በታች ይቀራል። ሲያድግ ተጠምዝዞ መልሶ ሥጋ ይወጋል። አንገት ላይ የሚደረደሩት እብጠቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣሉ። ስለቱን ከመውቀስ ወደ በቀለበት አቅጣጫ መላጨት፣ ትንሽም ማስቀረት ይሻላል።

ተራዬ ሲደርስ ምላጬን ለጋሼ ዘረጋሁለት፤ የቤቱ ባለቤት ነው። አገላብጦ አየው፣ ብርሃን ላይ ያዘው፣ አደነቀው። ከወንበሩ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ «እሳት ላይ ካሳለፉት ምንም በሽታ አይዝም» አለ። ጋሼ ሳቀ። እሳቱ ስሱን ጫፍ እንደ መንኮራኩሩ ያበላሸዋል። ጠፍሩስ? የሁሉንም ደም የሚነካ ጠፍር በምን ይታጠባል? የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ጠፍሩ ከግድግዳ የወረደው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ይሄ ያንተ ነው፤ ቤትህ ተላጭበት» አለና መለሰልኝ። ከዚያ ከመሳቢያው አዲስ ምላጭ አወጣ፣ ከነወረቀቱ ፊት ለፊቴ ለሁለት ሰበረው፣ ግማሹን እጀታው ውስጥ ከተተ።

«ቀና በል።»