ኦሪትና ወንጌል በጎጃም፦ የአይሁድና የክርስትና እምነት መነሻ፣ ዝምድናና ልዩነት

በሌላው ዓለም አይሁዳዊን ከክርስቲያን የሚለዩት ምልክቶች ጎጃም ላይ ብዙም አያገለግሉም። እዚህ ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፤ የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ገበሬው ቅዳሜ በሬ አይጠምድም። ሕፃናት በ40 እና በ80 ቀናቸው ክርስትና ሲነሡ ቁጥሩ ከኦሪት ዘሌዋውያን የመንጻት ሕግ የተወሰደ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ እንደ ኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ በሦስት ይከፈላል። ልዩነቱን የሚሻ ሰው ከሥርዓቱ ይልቅ እምነቱን መመርመር ይኖርበታል።

የአይሁድ እምነት አብርሃምን አባት፣ ሙሴን መምህር አድርጎ ይነሣል። መሠረቱ እግዚአብሔር በሲና ከእስራኤል ጋር የገባው ቃል ኪዳን ነው፤ ሊቃውንቱ በኦሪት 613 ትእዛዛት ይቆጥራሉ። ሮማውያን በ70 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የኢየሩሳሌሙን ቤተ መቅደስ ሲያፈርሱ መሥዋዕቱ ቀረ፤ ጸሎትና የረቢዎች (የአይሁድ መምህራን) ትምህርት ተተኩ፤ ትምህርታቸውን የያዙት ሚሽናና ታልሙድ የተጠናቀሩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ክርስትና የወጣው ከዚሁ ቤት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አማኞችም አይሁድ ነበሩ። መንገድ ያለያየው ዋናው ጉዳይ ኢየሱስ ነው። ክርስቲያኑ መሲሑ መጥቷል፣ እርሱም ሰው የሆነ አምላክ ነው ይላል፤ አይሁዳዊው ገና ይጠብቃል፤ «እስራኤል ሆይ ስማ፤ አምላካችን እግዚአብሔር አንድ እግዚአብሔር ነው» የሚለውን ጸሎት በየዕለቱ እየደገመም ሥላሴንና ሥጋዌን አይቀበልም።

በዋሸራ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች ኦሪት ምሳሌ፣ ወንጌል አማናዊ (ምሳሌው የሚያመለክተው እውነት) ተብለው ይተረጎማሉ። ሙሴ ያያት፣ ነድዳ ያልተቃጠለችው ዕፀ ጳጦስ ለቅኔው ተማሪ ድንግል ማርያም ናት። የአይሁድ መምህራን ግን በመከራ ነድዶ ያላለቀውን የእስራኤልን ሕዝብ ያዩባታል። አንዱን መጽሐፍ ሁለቱም ያነብባሉ፤ መጋጨታቸው ከትርጓሜው ላይ ነው።

የምሥራቅ ጎጃሟ መርጡለ ማርያም ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባት እንደነበር የቦታው ትውፊት ይናገራል።

ስለ ሰንበት ግን የተጻፈ ታሪክ ሞልቷል፤ ደምም ፈስሶበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ያሉት የመነኩሴው የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቅዳሜ ብዙ ከተሰደዱ በኋላ፣ አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ። የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ሚስዮናውያን ይህን «ይሁዲነት» ብለው ሲነቅፉ አፄ ገላውዴዎስ በ1555 መልስ ጻፉ፦ ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱትና እሳት እንደማያነዱት አይሁድ ሳይሆን ቁርባን እያቀረብን ነው፤ ግዝረትም የአገር ልማድ ነው። መልሱ ብልህ ነው፤ ሥርዓቱን ሳይለቅ ትርጉሙን ለየ። አፄ ሱስንዮስ ግን በካቶሊኮች ምክር በ1620 አካባቢ ቅዳሜን ሲሽሩ ዳሞት ዐመፀ። ዐመፁን የጎጃሙ ገዢ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በጦር ደፈጠጡት፤ ሰንበቷ ግን በሕዝቡ ዘንድ አልተሻረችም።

የመጻሕፍቱ ነገርም ያስገርማል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ጥንት በአይሁድ እጅ ተጽፈው ሳለ ከአይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር አልገቡም፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙት ብጥስጣሾች ናቸው። ሙሉ ሆነው የቆዩት በግእዝ ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከ81ዱ መጻሕፍት ይቆጠራሉ። ከጣና ማዶ በጎንደር በኩል የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም ታልሙድን ሳያውቁ ኦሪትን ያነበቡት በዚሁ በግእዝ ነበር፤ ካህናቸውንም እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ቄስ ይሉታል።