ስኳር ድንች በሐረር ዙሪያ፦ ሥሩ፣ ሐረጉና አበባው

ስኳር ድንች፣ በሳይንሳዊ ስሙ አይፖሚያ ባታታስ፣ መሬት ላይ የሚሳብና ሥሩ የሚያብጥ ሐረግ ነው። ተፈጥሮው ለብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ገበሬው ግን ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ስለሚቆፍረው የአንድ ወቅት ሰብል ይመስላል። በምሥራቅ ሐረርጌ ከእህል ቀጥሎ ቤት የሚደግፍ ምግብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስሙ ያሳስታል። ድንች የቲማቲምና የቃሪያ ወገን ነው፤ የምንበላውም መሬት ውስጥ ያበጠ ግንዱን ነው። የስኳር ድንች ግን ሥር ነው፣ ያውም እውነተኛ ሥር። ሐረጉን ሲቆርጡት ነጭ፣ የሚያጣብቅ ወተት ይወጣዋል። ቅጠሉ እንደ ዝርያው የልብ ቅርጽ ይይዛል ወይም እንደ ጣት ይከፋፈላል።

ትክክለኛ ዘመዶቹን የሚያሳየው አበባው ነው። አጥር ላይ እየተጠመጠሙ ጠዋት ፈክተው ቀትር ላይ የሚከስሙትን ሐረጎች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? የእነሱ ወገን ነው። አምስቱ የአበባ ቅጠሎች ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ብለው ዘይት ወደ ጠርሙስ የምንገለብጥበትን ኢምቡቶ ይመስላሉ። ጠርዙ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው፣ ጉሮሮው ደግሞ ጠቆር ይላል። ውስጡ አምስት የወንዴ ዘንጎችና አንድ ሴቴ አሉት። ማየት የፈለገ ሰው በማለዳ ማሳ ይውረድ፤ ካረፈደ ጠውልጎ ነው የሚያገኘው።

አብዛኛው ዝርያ በራሱ ብናኝ ዘር አይቋጥርም፣ ንብ ከሌላ ዝርያ ካላመጣችለት በስተቀር። ቀኑ ሲያጥር ማበብ ይቀናዋል፤ ጨርሶ የማያብብም አለ። ገበሬው በዚህ አይቸገርም፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ሐረግ ቆርጦ ይተክላል። አዲስ ዝርያ ለሚያዳቅል ተመራማሪ ግን ያለ አበባ ሥራ የለም። በዚህ ረገድ የእኛው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሊመሰገን ይገባል፤ አዱና በርኩሜ የተባሉት ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው።

መነሻው ሞቃታማው አሜሪካ ነው። ፖሊኔዥያ በሚባሉት የፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ከኮሎምበስ በፊት ደርሷል፤ ሰው ወሰደው ወይስ ባሕር የሚለው እስካሁን ያከራክራል፣ ሰው መውሰዱ ግን የበለጠ ያሳምናል።

ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዓይነት ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ሞልቶበታል። እሱን ላስፋፉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷል።

ሐረጉም አይጣልም። የሐረር ሰንጋ ሲባል አገር ያውቀዋል፤ ገበሬው በሬውን ደጁ ላይ አስሮ ከማሽላና ከበቆሎ አገዳ ጋር ይህንኑ ሐረግ እያጎረሰ ያደልበዋል።