አላይነር በየስንት ቀኑ ይቀየራል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሁን አሁን ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ካፌ ውስጥ፣ ማኪያቶው ሲመጣለት ከአፉ ግልጽ ፕላስቲክ አውልቆ ሶፍት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። አላይነር ነው። ሽቦ ሳይታሰር ጥርስን ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይገፋል። ቁጥር ተሰጥቶት በተራ ይለበሳል፤ አንዱ ሲያበቃ ቀጣዩ ይደረጋል። ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ "በየሳምንቱ ነው" ይላል፣ ሌላው "በየሁለት ሳምንቱ"፣ ሌላዋ ደግሞ "ማመሙን ሲተው ነው የምቀይረው" ትላለች። ሁሉም እርግጠኛ ናቸው። እስቲ በብዛት የሚሰሙትን እንያቸው።

"ሁለት ሳምንት ሕግ ነው"

ይህ ቁጥር የመጣው ከድሮ ልማድ ነው። ኢንቪዛላይን የተባለውን ታዋቂ አላይነር የሚሠራው አላይን ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተመሠረተው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጠው በ1998 ነው። ያኔ አንዱን ጥንድ ሁለት ሳምንት መልበስ የተለመደ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታትም እንዲሁ ቀጠለ። በ2016 ግን ኩባንያው ራሱ ለብዙ ታካሚዎች በየ7 ቀኑ መቀየር እንደሚቻል አሳወቀ። ዛሬ 7፣ 10 እና 14 ቀን ሦስቱም ይታዘዛሉ። እነዚህን ያወዳደሩ ጥናቶች አሉ። ውጤታቸው በአብዛኛው ተቀራራቢ ነው፤ ለአንዳንድ የኋላ ጥርስ እንቅስቃሴዎች ግን 14 ቀኑ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

10 ቀን የታዘዘለት ሰው በእኛ አቆጣጠር ተጠቃሚ ነው። ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ በ1፣ በ11 እና በ21 መቀየር ነው። በልደታና በማርያም የሚያስብ ሰው አይረሳውም። የምታበላሸው ጳጉሜን ብቻ ናት። ጳጉሜን 1 የቀየረ ሰው ቀጣዩ ተራው መስከረም 6 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ መስከረም 5። የዘመን መለወጫ ዕለት "አዲስ ዓመት፣ አዲስ አላይነር" ብላችሁ እንዳትቸኩሉ።

"ቶሎ ቶሎ ከቀየርኩ ቶሎ እጨርሳለሁ"

ይህንን በተለይ ለጥር ሰርግ የደገሱ ሰዎች ይወዱታል። ነገሩን ለመረዳት ጥርስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ይበቃል።

አንድ አላይነር አንድን ጥርስ እንዲገፋ የሚታቀደው ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጥርስ ደግሞ ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ አልተጣበቀም። መሀላቸው በጣም ስስ ጅማት አለ፤ ውፍረቱ እሱም ሩብ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ፕላስቲኩ ሲገፋ ጅማቱ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። በተወጠረው በኩል አዲስ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ይመጣሉ። ይህ ሥራ ቀናት ይፈጃል፤ በእልህ አይፈጥንም። ግፊቱ ከልክ ካለፈ ወደ ጅማቱ የሚሄደው ደም ይቋረጥና ያ ቦታ ይሞታል። ሰውነት የሞተውን እስኪያጸዳ ድረስ ጥርሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከመጠን ያለፈ ግፊት የጥርስን ሥር ሊያሳጥርም ይችላል።

ሌላም ጣጣ አለው። 8 ቁጥር የተሠራው 7 ቁጥር ሥራውን ጨርሶ ለሚያስረክበው ጥርስ ነው። 7 ሳይጨርስ 8 ከተደረገ ፕላስቲኩ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ አይዘውም። ትንሿ ጉድለት ወደ 9፣ ከዚያም ወደ 10 ትሻገራለች። 12 ቁጥር ላይ ሲደረስ ጭራሽ አልገባም ይላል። ከዚያ አዲስ ልኬት፣ አዲስ ትዕዛዝ፣ አዲስ ጥበቃ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

"ቀኑ ከደረሰ ይቀየራል"

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሐኪሙ "በየ14 ቀኑ" ሲል በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ እንደሚቆይ አስቦ ነው። ሂሳቡን ሥሩት። በቀን 22 ሰዓት የለበሰ ሰው በ14 ቀን 308 ሰዓት ይሞላል። በቀን 16 ሰዓት የለበሰው 224 ሰዓት ላይ ነው። ይህ በትክክል የለበሰው ሰው በ10 ቀን ገደማ የሚሞላው ነው። በወረቀት ሁለቱም ሁለት ሳምንት ጨርሰዋል።

22 ሰዓት ማለት ከቀኑ ውስጥ ሁለት ሰዓት ብቻ ነፃ ነው ማለት ነው። ቁርስ 20 ደቂቃ፣ ምሳ 40፣ ከሰዓት ማኪያቶ ከወሬ ጋር 30፣ እራት 40። አበቃ፤ እንዲያውም 10 ደቂቃ አልፏል። ጥርስ መቦረሹ ገና አልተቆጠረም። ቶሞካ ገብቶ ቆሞ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው ብዙ አይጎዳም። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ግን ሌላ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ፣ ቆሎው እየተቆረጠመ፣ ጎረቤት እየተጨመረ አንድ ሰዓት ተኩል እንደ ዋዛ ያልፋል። አላይነሩ አፍ ውስጥ እያለ መጠጣት ደግሞ አይሆንም። ቡናው ያጠቁረዋል፣ ትኩሱ ቅርጹን ሊያበላሸው ይችላል፣ ስኳሩም ከፕላስቲኩ ሥር ታፍኖ ጥርስ ላይ ይቀራል። እሺ፣ ቡና ተዉ ልል ነው? አልልም፤ የሚሰማኝም የለም። አቦሉን ጠጥቶ፣ ተጉመጥምጦ፣ መልሶ አድርጎ በወሬው መቀጠል ይቻላል። ሦስቱንም ካልጠጣሁ የሚል ሰው በዚያ ቀን ሌላ መክሰስ ይቀንስ።

የጾም ወራት በተቃራኒው ለአላይነር ይመቻሉ። በሑዳዴ እስከ ሰባትና ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ጠዋቱን ሙሉ የሚያወልቅበት ምክንያት የለውም። በረመዳንም ቀኑ እንዲሁ ነው፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ብቻ አውልቆ መርሳት እንዳይመጣ።

ታዲያ ለመቀየር መድረሳችሁን በምን ታውቃላችሁ? መስታወት ፊት ቁሙና የስልካችሁን መብራት አብሩ። አላይነሩን አድርጋችሁ ከንፈራችሁን ወደ ላይ ሳቡ። የጥርሱን ጫፍና የፕላስቲኩን ጫፍ ተመልከቱ። ሁለቱ ገጥመዋል ወይስ መሀላቸው እንደ አየር አረፋ ያለ ባዶ ቦታ ይታያል? በተለይ ከሁለቱ ትላልቅ የላይ የፊት ጥርሶች ግራና ቀኝ ያሉትን ትናንሾቹን እዩ። ወደ ኋላ መቅረት የሚወዱት እነሱ ናቸው። የውሻ ክራንቻም ክብ ስለሆነ በቀላሉ አይሽከረከርም፤ ፕላስቲኩ ያንሸራትተዋል። ክፍተት ካለ ቀኑ ቢደርስም ያንኑ ጥቂት ቀን ጨምሩበትና ለሐኪማችሁ ደውሉ። ለስላሳ የሚነከስ ጎማ ከሰጧችሁ እሱን ነክሳችሁ ፕላስቲኩ እስከ ጥግ እንዲገባ አድርጉ። ክፍተት ከሌለ፣ ሲደረግና ሲወልቅ ካላስቸገረ፣ ሰዓቱም ከተሞላ፣ ቀይሩ። ቢቻል ማታ፣ እራት ተበልቶ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ የሚያጨናንቁ ሰዓታት በእንቅልፍ ያልፋሉ።

"ማመሙን ከተወ ሥራውን ጨርሷል"

አልጨረሰም። የመጨናነቅ ስሜቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይለቃል። አጥንቱ ግን ገና እየተሠራ ነው። በህመም የሚቆጥር ሰው በየሦስት ቀኑ ሊቀይር ነው። ጭራሽ ያላመመው ሰውም አይጨነቅ፤ መግጠሙን ያረጋግጥ።

"ጓደኛዬ በየ7 ቀኑ ነው፣ የእኔም ይሁን"

ጓደኛችሁ ምናልባት የሚዘጋላት ትንሽ የፊት ክፍተት ብቻ ነው። የእናንተ ደግሞ የመንጋጋ ጥርስን ወደ ኋላ መግፋት ወይም ጥርስ ማሽከርከር ይሆናል። ዕድሜም ለውጥ ያመጣል። የድድና የአጥንት ጤንነትም እንዲሁ። አንድ ሐኪም ራሱ ለአንዱ ታካሚ መጀመሪያ ላይ 14 ቀን ሰጥቶ መሀል ላይ ወደ 7 ሊያወርደው፣ ከባዱ እንቅስቃሴ ሲመጣ መልሶ ሊያረዝመው ይችላል። በእኔ አስተያየት 7 ቀን የሚሰጠው አላይነሩን ለማያታልል ሰው ብቻ መሆን አለበት። ሁለት ቀን ረስቶ ያደረ ሰው ከ14 ቢያጎድል ይሻላል፤ ከ7 ካጎደለ ምን ተረፈው?

"ከጠፋ ቀጣዩን ማድረግ ነው"

የአላይነር ትልቁ ጠላት ሶፍት ነው። ጠቅልለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፤ አስተናጋጇ ከሲኒው ጋር አንስታ ትሄዳለች። ቆሻሻ ቅርጫት ሲበረበር ማየት አሳዛኝም አስቂኝም ነው። ማስቀመጫ ሳጥኑ ኪስ የሚበቃው ለዚህ ነው።

ከጠፋ መጀመሪያ መደወል ነው። የጠፋው በተራው መጨረሻ ላይ ከሆነና ጥርሱ ሲገጥም ከነበረ፣ ሐኪሙ ወደ ቀጣዩ እለፉ ሊል ይችላል። በጀመራችሁት በሁለተኛው ቀን ከጠፋ ግን ወደ ቀድሞው ቁጥር ተመለሱ ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ሲባል አሮጌውን ወዲያው አትጣሉት፤ አጥባችሁ፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀምጡት። እስኪደወል ድረስ ባዶ አፍ መቆየት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ጥርስ በቀናት ውስጥ መመለስ ይጀምራል።

ይህ በተለይ ሕክምናውን ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ጀምረው ሻንጣቸው ውስጥ አሥር ጥንድ ይዘው የሚመጡትን ይመለከታል። የሚያይላችሁ ሐኪም እዚህም ያዙ። ሐኪም በአካል ሳያይ በፖስታ አላይነር ይልክ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲዘጋ፣ መሀል መንገድ ላይ የነበሩ ደንበኞች ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

"ቢጫ ከሆነ አርጅቷል"

ቢጫው እርድ ነው። አላይነር ይዞ አልጫ የበላ፣ ወይም በልቶ ሳይቦርሽ ያደረገ ሰው ያውቀዋል። መልኩ ያስቀይማል እንጂ ፕላስቲኩ የመግፋት አቅሙን አያጣም፤ ስለዚህ ከቀኑ በፊት አያስቀይርም። የሚያስደውለው መሰንጠቅ ነው። ለማጽዳት ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በፈላ ውሃ ልቀቅለው ያለ ሰው ቅርጹ የተጣመመ ፕላስቲክ ይዞ ክሊኒክ ይመጣል።

"የመጨረሻውን ቁጥር ስጨርስ ተገላገልኩ"

መጀመሪያ ነገር፣ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ጊዜ የመጨረሻ አይደለም። ያልታዘዙ ጥርሶች ይኖራሉ፤ እንደገና ተለክቶ ተጨማሪ ጥቂት ጥንድ መሠራቱ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ተሳስቶ ነው ማለት አይደለም። ከዚያም ሪቴይነር ይመጣል። እሱ በቁጥር አይቀያየርም፤ ጥርሱን ባለበት የሚይዝ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀንም ማታም፣ በኋላ ለመኝታ ብቻ ይደረጋል። የሚቀየረው ሲሰነጠቅ፣ ሲላላ ወይም መግጠም ሲያቅተው ነው። ሪቴይነሩ ተሠርቶ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የመጨረሻውን አላይነር ማድረጋችሁን ቀጥሉ።