ወርና ወቅት በሰሜን ሸዋ

በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መፀው ታኅሣሥ 25፣ በጋ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ሰኔ 25 ያበቃሉ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ግን ሥራውን የሚቆጥረው በበልግና በመኸር ነው፤ ያውም ደገኛውና ቆለኛው ለየብቻ።

በዓለም ላይ ወቅቶችን የሚያፈራርቀው የምድር ዘንግ 23.5 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው። በሐምሌ ለንደን ሲሞቅ ጆሃንስበርግ ይበርዳል። ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ፀሐይ በደብረ ብርሃን አናት ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 አካባቢ ትቆማለች። ነሐሴ ግን ደመናው ስለሚጋርዳት አይሞቅም። እዚህ ወቅትን የሚለየው ዝናብ ነው።

የወር ስም በሁሉም አገር ከወቅት ጋር አይጓዝም። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል፤ በይፋትና በአርጎባ አንዳንዴ በአጨዳ፣ አንዳንዴ በዘር ወቅት ይውላል።

ከፍታው ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናቸው። ሽቅብ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከደብረ ብርሃን በጣርማበር አድርጎ ሸዋ ሮቢት የወረደ መንገደኛ በዚያው ቀን 9 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምርበታል። ቆላው ጤፍና ማሽላ ሲያበቅል ደጋው የገብስና የባቄላ አገር ነው።

በመንዝ የበልግ ገብስ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ይዘራል፣ በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። ዝናቡ እስከ መጋቢት ከዘገየ መከራው ድርብ ነው፤ አዝመራው ሳይደርስ ክረምቱ ይገባና እህሉ በማሳ ላይ ይበቅላል፣ ነዶው ይሻግታል፣ በረዶም ያረግፈዋል። የመኸሩ ጠላት ደግሞ ውርጭ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ሌሊት ይለቃል፤ ከባዱ ቀዝቃዛ አየርም ቁልቁል ወርዶ በጎድጓዳው ሜዳ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ያበበ ወይም ፍሬው ያልጠነከረ ባቄላ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚህ ባቄላ ለተዳፋቱ፣ ፈጥኖ የሚደርስ ገብስ ለዝቅተኛው ማሳ ይሻላል። ዘር ማዘግየትም አደጋ አለው፤ የዘገየው ሰብል ውርጩን ገና እሸት ሳለ ያገኘዋል።