«ወራጅ መጨመር»፦ የኢሮኮዎች አባባልና መነሻው

ኢሮኮዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ኅብረት ናቸው፤ መጀመሪያ አምስት ነበሩ። ራሳቸውን ሆዲኖሾኒ ይላሉ፤ የረጅሙ ቤት ሰዎች ማለት ነው። ኅብረታቸው በቆመበት በታላቁ የሰላም ሕግ ላይ አዲስ ድንጋጌ ሲታከል «ወራጅ ተጨመረ» ይባላል። የቆመውን ሳያፈርሱ አስረዘሙት ለማለት ነው።

አባባሉ የወጣው በቀጥታ ከድሮው ረጅም ቤት አሠራር ነው። የቤቱ ወርድ ከ6 እስከ 7 ሜትር ነበር፤ ከፍታውም ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ጎን ለጎን ማስፋት አይታሰብም ነበር፤ ጣሪያውን የሚሸከሙት እንጨቶች ከዚያ በላይ አይደርሱማ። ርዝመቱ ግን እንደ ቤተሰቡ ብዛት ነበር፤ ከኅብረቱ ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በኦኖንዳጋዎች ምድር ከ100 ሜትር የሚያልፍ ቤት ተቆፍሮ ተገኝቷል። መሃል ለመሃል ምድጃዎች ይደረደሩ ነበር፤ አንዱን ምድጃ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ይጋሩት ነበር። ሴት ልጅ ስታገባ ጎጆ አትወጣም ነበር፤ ባሏ ነበር ወደ እናቷ ቤት የሚገባው። ሴት ልጆች በበዙ ቁጥር ቦታ ይጠብ ነበር።

ያኔ የዳር ግድግዳው ቅርፊት ይፈታ፣ ወደፊት አዲስ ቋሚ ይተከል፣ ወራጅ ይታሰር፣ የኤልም ዛፍ ቅርፊት ይለብስ ነበር። ቅርፊቱ የሚላጠው በጸደይ፣ ዛፉ ውስጥ ፈሳሹ በሚወጣበት ወቅት ነበር፤ ካለፈ ከግንዱ ጋር ይጣበቃል። ተልጦም ክብደት ሳይጫንበት ከደረቀ ይጠቀለላል። ቋሚዎቹ ሲበሰብሱ አፈር ላይ ጥቁር ክብ ዱካ ይተዋሉ። ቆፋሪዎች የድሮውን የዳር ግድግዳ ዱካ በረዘመው ቤት ውስጥ ሲያገኙ ወራጁ የት ላይ እንደተጨመረ ያውቃሉ።

መንደሩ ራሱ ግን ዘላለማዊ አልነበረም። ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሬቱ ይደክማል፣ ማገዶ ይርቃል፣ ቋሚው ይበሰብሳል፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ መንደሮች ሐይቅ ዳር ሳይሆን ትንሽ ገባ ብለው፣ ወንዝ አጠገብ ከፍታ ላይ ነበሩ። በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኅብረቱ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ሴኔካዎች ከኦንታሪዮ ሐይቅ ሰሜን፣ ዛሬ ቶሮንቶ ባለችበት አካባቢ ቴያያጎንን የመሰሉ መንደሮች የመሠረቱት ግን ለቢቨር (ወንዝ ውስጥ የሚኖር ፀጉራም እንስሳ) ቆዳ ንግድ መንገድ ሲሉ ነው።

ኅብረቱም እንደ አንድ ቤት ይታያል፦ ሞሃውኮች የምሥራቁን በር፣ ሴኔካዎች የምዕራቡን ይጠብቃሉ፤ የመሃሉ እሳት የኦኖንዳጋዎች ነው። ተስካሮራዎች ከካሮላይና ተሰደው በ1722 ገደማ ስድስተኛ ሆነው ሲገቡ ወራጁ ረዘመ። ሃምሳው የሸንጎ መቀመጫ ግን እንዳለ ቀረ።